አስታማሚ ያላሟላው በሽተኛ

ለክቡር የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ በቢሮዎ ደጃፍ ተሰልፈው የሚጠብቁዎትም ሁሉ ደኅና ናቸው? የደም ግፊትዎ እንደ ቢሮዎ ምንጣፍ ለጥ ያለ ይሆን ዘንድ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ በበኩሌ ከማተሚያ ቤት አራሚነት ጡረታ የወጣሁ፣ ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን የምኖር፣ ከግፊቴ በቀር ከፍ ያለ ነገር የሌለኝ ሰው ነኝ።

መቼም የሚመሰገን አይታለፍምና ከምስጋናው ልጀምር። በየዓይነቱ የዋጥሁት ክኒን ግፊቴን ንቅንቅ አላደርገው ሲል፣ የልብ ሐኪምዎ ሆድ ሳይቀደድ የሚሰጥ አዲስ ሕክምና መኖሩን በትዕግሥት አስረድተውኛል። በብሽሽት በኩል የገባ ቀጭን ቱቦ በደም ሥር ውስጥ ተጉዞ ኩላሊት ዘንድ ይደርስና፣ ግፊቱን የሚቆሰቁሱትን ነርቮች በሙቀት ጸጥ ያሰኛቸዋል፤ በሽተኛውም አንድ ቀን አድሮ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ለሁሉ ሰው እኩል እንደማይሠራ፣ ክኒኑም ላይቀር እንደሚችል ሳይደብቁ ነግረውኛል። ቢሆንም ደስ አለኝ። የግፊት መለኪያውን በክንዴ ላይ ከምትጠመጥመው ነርስ በቀር የሰው እጅ ከነካኝ ስለቆየ፣ ቀጠሮው ራሱ እንደ ዘመድ ጥሪ ሆነልኝ።

ቅሬታዎቼን ጊዜዎን እንዳልሻማ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በቀጠሮዬ ቀን እህል ሳልቀምስ ማልጄ ብቀርብ፣ መዝጋቢዎ ከትከሻዬ በላይ አሻግረው እያዩ አስታማሚዬ የት እንዳሉ ጠየቁኝ። እኔም ዞር ብዬ አየሁ። ማንም አልነበረም። ፈርሞ የሚያስገባኝና አጠገቤ የሚያድር ሰው ከሌለ ሕክምናው እንደማይሰጥ በጨዋ ደንብ ተነግሮኝ ተመለስሁ። ሰው የሌለውን ሰው ሕክምና በመከልከል ለደኅንነቴ ስለተጨነቃችሁልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

፪. ለሁለተኛው ቀጠሮዬ ጎረቤቴን ለመንሁት። እሺ ብሎኝ ሲያበቃ በዋዜማው ስብሰባ አለብኝ አለ። ይህ የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ የጻፍሁት ሌላ የምነግረው ሰው ስለሌለኝ ነው።

፫. ቀጠሮዬን ላስለውጥ ብመጣ፣ በኮሪደርዎ አግዳሚ ወንበር ላይ በዚሁ ጥፋት የተመለሱ አንዲት ልብስ ሰፊ አገኘሁ። የሌሊት ልብሳቸውን በፌስታል ይዘው፣ ወደ ቤት ለመሄድም ጨንቋቸው ተቀምጠው ነበር። የእርሳቸውም በሽታ ግፊት፣ የታዘዘላቸውም ያው ቱቦ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ እኔ ለእርሳቸው፣ እርሳቸው ለእኔ አስታማሚ ልንሆን ተስማማን። መዝጋቢዎ ዝምድናችንን ሲጠይቁ፣ ጨው የተከለከሉት ሴትዮ ዓይናቸውን በጨው አጥበው ወንድሜ ነው አሉ። ክቡር ሆይ፣ እንዲህ የሚለኝ ሰው ከጠፋ ስንት ዘመኑ! ጽሕፈት ቤትዎ ታዲያ ወንድምና እኅት እንዳይጉላሉ በማሰብ ሁለታችንንም በአንድ ጠዋት ቀጠረን። ነርሷ አስታማሚዎች ቅረቡ ብትል፣ የበሽተኛ ጋውን የለበስን ሁለት ሰዎች እጃችንን አወጣን። ሁለታችንም ተመለስን። ከበሩ ውጭ ቆመን አንድ ዳቦ ተካፍለን ስንበላ ሳቅ በሳቅ ሆንን፤ አንተ አንቺ መባባል የጀመርነውም ያኔ ነው።

፬. ሌላ ቀጠሮ እስኪሰጠን ስንጠብቅ፣ ባለፈው ሳምንት ግፊቱ እኅቴን ጣላት። ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ብሏል፤ አንደበቷም ተሳስሯል። አሁን እዚያው እርስዎ ዘንድ ተኝታለች። በድንገተኛ በር ስትገባ አስታማሚ አለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት አልነበረም፤ ለዚህ ቅልጥፍናዎ ምን ብዬ ላመስግንዎ? እኔ ከአልጋዋ አጠገብ እቀመጣለሁ። ደኅና በሆነው እጇ እጄን ትይዛለች። እፈራለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ እርሷ ከሄደች ወንድሜ የሚለኝ የለም።

ክቡርነትዎ ከተቀመጡበት ወንበር ሳይነቃነቁ ብዙ ዘመን እንዲኖሩ፣ አስታማሚ እንዳያሻዎ፣ ቢያሻዎም እንዳያጡ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ሁሉን አሟልቶ ሰው የጎደለው፣
ታዛዥ በሽተኛዎ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ ስልክ ተደውሎ ቀጠሮዬ ለመጪው ሐሙስ መሆኑ ተነገረኝ። አስታማሚዬ ስለታመመችብኝ ክቡርነትዎ እንዲመጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ወንበሩ ይቆረቁራልና ትራስ ይዘው ይምጡ። ስብሰባ አለብኝ ቢሉም አልቀየምዎትም፤ ለምጄዋለሁ። ብቻ መዝጋቢዎ ከትከሻዬ በላይ አሻግረው ሲያዩ፣ እኔ ደግሞ ዞር ብዬ ባዶውን እንዳላይ ያድርጉልኝ።