የሰባተኛው መስመር ጎማ

ሐሙስ፣ የወሩ አሥራ አራተኛ ቀን። ከጠዋት ጀምሮ ነፋስ ነው፤ ዝናብ የለም፤ የመጋዘኑ ቆርቆሮ ሲንኳኳ ውሏል። በኃላፊው ክፍል የነበርነው ሦስት ሰዎች ነን፦ ኃላፊው፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣች መሐንዲስ እና እኔ።

ውድ እትዬ፣

ደብዳቤ እንዲህ እንደማይጀመር አውቃለሁ። እጄ የለመደው ግን የተረኛ መዝገብ ነው፤ ቀኑን፣ አየሩንና የተገኘውን ሰው ካልጻፍኩ ቀጣዩ ቃል አይመጣልኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ ልጽፍልዎ ብድግ እያልኩ የተቀመጥኩት ያንኑ ቀጣይ ቃል ፈርቼ ነው። ዛሬ መቀመጡ ራሱ አቃተኝ። ከሥራ ከተመለስኩ ጀምሮ ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ እመላለሳለሁ። እህቴ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ፣ ወለሉን ልበሳው እንደሆነ ጠየቀችኝ።

አድራሻዎን የሰጠኝ የድሮው በረኛ ነው። ልጅዎ ዘንድ እንደሚኖሩና ዓይንዎ ማንበብ እያስቸገረው እንደሆነ ነግሮኛል። እንግዲያው ይህን የምታነብልዎ ልጅዎ ትሆናለች። አያሳፍርዎ፤ እሷም ብትሰማው እወዳለሁ።

የሆነው እንዲህ ነው። ኃላፊው፣ ያ እርስዎ «እሺ በቃ» ብለው ስም ያወጡለት፣ ረፋዱ ላይ አስጠራኝ። ስገባ መሐንዲሷ እኔ ለሳጥን መደርደሪያው የሠራሁትን ፍሬን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታዋለች፤ ሮለሩን፣ ሁለቱን ስፕሪንጎች፣ የጎማውን ምላስ። የት እንደተማርኩ ጠየቀችኝ። የትም አልኳት። ለአዲሱ አዳራሽ አርባ መስመር በዚሁ ፍሬን ሊሠራ መወሰኑን፣ ሥራውም በእኔ ስም እንደ አዲስ ፈጠራ እንደሚመዘገብ ነገረችኝ። ከዚያ ጎማው በየስንት ጊዜ እንደሚቀየር ጠየቀች። ኃላፊው ቀደመኝ።

«ተቀይሮ አያውቅም» አለ በኩራት።

እሱ የሚያውቀው ይህንኑ ነው። አልዋሸም። እኔ ነኝ እዚያው ቆሜ ዝም ያልኩት።

የሚሞላ ቅጽ ሰጡኝ። ስሜ በመጀመሪያው ገጽ ላይ በማሽን ተጽፏል። ሦስተኛው ገጽ ላይ «በአገልግሎት ላይ ሳለ ያጋጠመ ጉድለት ወይም አደጋ ካለ ይገለጽ» ይልና አምስት ባዶ መስመር አለው። ኃላፊው ጣቱን አሳርፎበት፣ እዚህ ላይ የለም ብለሽ ነገ ጠዋት ፈርመሽ አምጪ፣ እሺ በቃ፣ ብሎ ሸኘኝ።

ልጃቸው፣ ላንቺም እንዲገባሽ ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። እኛ «ሸርተቴ» የምንለው ዘንበል ተደርጎ የተሠራ መደርደሪያ ነው። አሥራ ሁለት መስመር አለው፤ በየመስመሩ የሚሽከረከሩ ሮለሮች ተደርድረዋል። እናትሽ ከኋላ፣ ከፍ ካለው ጫፍ ሳጥን ያስገቡ ነበር። ሳጥኑ በራሱ ክብደት እየተንሸራተተ ወደ እኛ ወደ ፊት ይወርዳል፤ አንዱን ስናነሳ የሚቀጥለው ቦታውን ይይዛል። ሐሳቡ መልካም ነው። ክፋቱ፣ ቀላሉ ሳጥን መሃል መንገድ ላይ ቆሞ ሲለመን፣ ከባዱ እንደ ደነበረ በሬ መምጣቱ ነው። ከፊት ከምንሠራው ጣቱ ያልተቀጠቀጠ ሰው አልነበረም።

እትዬ፣ ያኔ «አንቺ ልጅ፣ አፍሽን አከራይተሽው ነው እንዴ?» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። አርባ ዓመት ያለፈኝን ሴት «ልጅ» ብለው የሚጠሩኝ እርስዎ ብቻ ነበሩ። ዕቃ እንዳይሰበር ሳጥን ውስጥ ተጨማድዶ የሚገባውን የመጽሐፍ ገጽ ከቆሻሻው ለይተው የሚያስቀምጡልኝም እርስዎ ነበሩ። ከአምስተኛ ክፍል ነው የወጣሁት። ስለ ስፕሪንግ ያነበብኩት መጀመሪያው በጠፋ ገጽ ላይ ነው፤ ስለ ፍሬን ያነበብኩት ደግሞ መጨረሻው በተቀደደ። መሃሉን ራሴ መሙላት ነበረብኝ።

የሞላሁትም እንዲህ ነው። በየመስመሩ ሦስት ቦታ ላይ ሮለሩን በስፕሪንግ ላይ አስቀመጥኩት። ከሥሩ፣ ከተጣለ የኮንቬየር ቤልት፣ ዕቃ ከሚያመላልሰው የጎማ ቀበቶ፣ የቆረጥኩትን የጎማ ምላስ አሰርኩ። ቀላል ሳጥን ሲያልፍ ሮለሩ አይወርድም፤ እንደልቡ ይሽከረከራል። ከባዱ ሲመጣ ሮለሩን ተጭኖ ጎማው ላይ ያሳርፈዋል፤ ጎማው ይይዘዋል። ሳጥኑ በገዛ ክብደቱ ራሱን ይገታል። መጀመሪያ በሞከርንበት ቀን ሃያ ሁለት ኪሎ የዱቄት ሳሙና እንደ ሙሽራ ቀስ እያለ ወረደ። እርስዎ ከኋላ ሆነው «ይኼስ አግብቶ የወለደ ነው፤ ረግቷል» ሲሉ ከፊት የወረደውን ሳጥን የሚቆጥረው ረጅሙ ቆጣሪ ሳይቀር ሳቀ። እሱ ሲስቅ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም።

አሁን ያልነገርኩዎትን ልንገርዎ።

ሰባተኛውን መስመር ለመጨረሻ ትቼው ነበር። እዚያ ስደርስ ጎማ አነሰኝ። ቤልት ሁለት ፊት አለው፤ ዕቃ የሚሸከመው ሻካራ ፊትና ከሥር የሚሄደው ልሙጥ ፊት። የቀረኝ ቁራጭ በሻካራው በኩል ተቦጫጭቆ ያለቀ ነበር። ሮለሩን የሚይዘው ሻካራው መሆኑን እያወቅሁ፣ ከሦስት ቆርጬ ገልብጬ በልሙጡ በኩል አሰርኩት። ሰኞ ደህና ቁራጭ ፈልጌ እቀይረዋለሁ አልኩ። ቅዳሜ ነበርና በዚያው ቀን ኃላፊው አሥራ ሁለቱም አልቆ እንደሆነ ጠየቀኝ። አልቋል አልኩት። አሥራ አንድ ነው ማለት አስጠላኝ። በሕይወቴ ጀምሬ የጨረስኩት ነገር ስላልነበረ ይሆናል።

ሰኞ ጠዋት እኔ ቁራጭ ፍለጋ ወደ ጓሮ እንደወጣሁ፣ በሰባተኛው መስመር የመጣ ሳጥን ከፊት ጫፍ ያለውን መቆሚያ ዘሎ ረጅሙ ቆጣሪ ላይ ወደቀ። የእጁ አንጓ ተሰበረ።

ከዚህ በኋላ ያለውን እርስዎም ያውቁታል፣ እኔም አውቀዋለሁ፤ ተነጋግረንበት ግን አናውቅም። ጩኸቱን ሰምቼ ስመለስ እርስዎ ሸርተቴው ሥር ጎንበስ ብለዋል። እጅዎን ከሮለሩ ሥር አስገብተው ጎማውን ዳሰሱት። ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ኃላፊው መጥቶ ማን እንደጫነ ጠየቀ፤ እርስዎ እኔ ነኝ አሉ። ፍሬኑ ይሠራል ብሎ ለበላዮቹ ጽፎ ነበርና ጥፋቱ ሌላ ቦታ እንዲገኝ ቸኩሏል። ሳጥን ተጣሞ ሲገባ ይያዛል፣ ከኋላ ሲገፋ ይስፈነጠራል፣ ብሎ ራሱ አስረዳና «አጣምመው ነው አይደል የጫኑት?» አለዎት።

የዳሰሱበትን እጅ በቀሚስዎ ጠረጉ።

«ይሆናል» አሉ። «ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም።»

እኔ ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር። ሁለት እርምጃ፣ እትዬ።

በሳምንቱ የስንብት ወረቀት ሰጡዎት። ጡረታዎ አንድ ዓመት ነበር የቀረው። ሲሄዱ አቅፈውኝ «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» አሉኝ። ይህን ቃል ሦስት ዓመት አገላበጥኩት። አውቀው ነው የሸፈኑኝ? ወይስ በእውነት ዓይንዎን ጠርጥረው ነበር? ምክር ነበር ወይስ ወቀሳ? አንዳንድ ቀን እንዲህ፣ አንዳንድ ቀን እንዲያ ይመስለኛል። ዝንቡስ አልገባም። መውጣት የነበረበትም አብሮ ቀረ።

የከፋው ገና ነው። የሰባተኛውን ጎማ በዚያው ቀን ቀየርኩት፤ ማንም አላየኝም። ሦስት ወር ቆይቼ የሌሎቹን ብዳስሳቸው ሻካራው ፊት ሁሉ ልሙጥ ሆኗል። ሮለሩ እያሸ እያሸ ያለሰልሰዋል። ሰባተኛው በአንድ ቀን የሆነውን ሌሎቹ ቀስ ብለው ሊሆኑት ነው። ለማን ልናገር? ብናገር፣ ያኔስ ምን ነበር ሊሉኝ ነው። ስለዚህ በድብቅ መቀየር ጀመርኩ። በምሳ ሰዓት ሰው ሁሉ ሲወጣ ካቻቪቴዬን በጉያዬ ይዤ ከሸርተቴው ሥር እገባለሁ። አሥራ ሁለት መስመር ማለት ሠላሳ ስድስት ጎማ ነው። መጨረሻው ላይ ስደርስ የመጀመሪያው ለስልሷል። ዕረፍት ወጥቼ አላውቅም። ሲያመኝም እገባለሁ። የእህቴ ልጅ ሌላ ከተማ ስትመረቅ እንኳን አልሄድኩም። እህቴ ያን ጊዜ፣ ሸርተቴው ባልሽ ነው እንዴ፣ ባልም እኮ አንዳንዴ ዘመድ ጥየቃ ሄዶ ያሳርፋል፣ ብላ ሁለት ሳምንት አኮረፈችኝ።

ሰው ግን ፍሬኑ ሦስት ዓመት ያለ እንከን ሠራ ይላል። መሐንዲሷም የወደደችው ለዚህ ነው። አሁን አርባ መስመር ሊሆን ነው፤ መቶ ሃያ ጎማ፣ በሌላ አዳራሽ፣ በማላውቃቸው ሰዎች ፊት። እዚያ ሥር ማን ይገባል?

እውነቱን ልንገርዎ፤ ዛሬ ስሜን በማሽን ተጽፎ ሳየው ደስ ብሎኛል። የሚያቃጥለኝም እሱ ነው። «የለም» የሚለውን ሁለት ጊዜ በእርሳስ ጽፌ ሁለት ጊዜ አጠፋሁት። ወረቀቱ ሊሳሳ ነው።

ለእህቴ ሁሉንም ነገርኳት፤ ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። መርፌዋን አቆመች። ብናገርና ብባረር ምን እንደሚውጠን ጠየቅኳት። ቤቱን የያዝነው በሁለታችን ደመወዝ ነው። ክሩን በጥሳ መለሰችልኝ።

«እኔን አትጠይቂኝ። እኔ የምሰፋው ቀሚስ ነው፤ ቢተረተር ማንም አይሰበርም።»

ዓርብ። ነፋሱ አልቆመም።

እትዬ፣ አንድ ልመና አለኝ። የአደጋውን ፋይል እንደገና ከከፈቱት ሊጠይቁዎት ይመጡ ይሆናል። ያን ቀን በእጅዎ የዳሰሱትን ይንገሯቸው። ለእኔ ብለው ምንም አያስቀሩ። ዛሬ ጠዋት ያደረግኩትን ደግሞ እንዳደረግኩት እጽፍልዎታለሁ።

አንድ ሰዓት ላይ ገባሁ። ቅጹን ሳልሰጥ መሐንዲሷን ሸርተቴው ጋ እንድትመጣ ለመንኳት። ኃላፊው ተከተለን። ረጅሙ ቆጣሪ ከፊት ሆኖ ይቆጥር ነበር፤ እሱንም ሌሎቹንም ገለል በሉ አልኳቸው። ከአራተኛው መስመር ሦስቱን ጎማዎች ፈታሁ። ባለፈው ወር ያወጣኋቸውን ልሙጦቹን ከከረጢቴ አውጥቼ አሰርኩ። ወደ ኋላ ዞርኩ። ሃያ ሁለት ኪሎ ሳሙና አንስቼ በመስመሩ አፍ ላይ ቀጥ አድርጌ አስቀመጥኩ። ቀጥ ማለቱን መሐንዲሷ በሁለት እጇ እንድትነካው አደረግሁ። ከዚያ ለቀቅሁት።

መቆሚያውን ዘሎ ወለሉ ላይ ፈነዳ።

«እትዬ ሳጥን አጣምመው አያውቁም» አልኩ። «ሰባተኛው ላይ ጎማውን ገልብጬ ያሰርኩት እኔ ነኝ። የሌሎቹ ሲያልቅ በድብቅ የምቀይረውም እኔ ነኝ።»

ኃላፊው ሦስት ዓመት ሙሉ ምን ይዞኝ እንደነበር ጠየቀኝ። ፈርቼ ነው አልኩት። መሐንዲሷ ልሙጡን ጎማ በአውራ ጣቷ ደጋግማ አሸችው፤ ያልኩትን ሁሉ ቅጹ ላይ እንድጽፈው ነገረችኝ። እዚያው ሳጥን ላይ ተደግፌ ጻፍኩ። አምስቱ መስመር አልበቃኝም፤ በጀርባው ቀጠልኩ። የእርስዎን ሙሉ ስም ከነአባትዎ ጻፍኩና «ያለ ጥፋታቸው የተሰናበቱ» አልኩ። ፈረምኩ። ኃላፊው ጉዳዩ እስኪታይ ቁልፌን አስረክቤ ቤቴ እንድቀመጥ አዘዘኝ። አስረከብኩ።

ረጅሙ ቆጣሪ ዘንድ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። የማይታጠፈውን እጁን በደህናው ይዞ አየኝ።

«እትዬን ስረግም አጠገቤ ቆመሽ ትሰሚኝ ነበር» አለ።

አዎ አልኩት። የቆጠራ ወረቀቱን ሳጥን ላይ ጥሎ ወጣ። አልተከተልኩትም።

መሐንዲሷ «እስኪመረመር ድረስ አይጫንበትም» ብላ በትልቁ ጻፈች። ወረቀቱን መደርደሪያው ላይ በሁለት እጄ ይዤላት ቆምኩ፤ እሷ ፕላስተሩን እየቆረጠች ለጠፈች። የቀሩትን ሳጥኖች ከፊት አንድ በአንድ ማንሳት ጀመሩ። ቁልፍ ባይኖረኝም ጓንቴን አጥልቄ አብሬያቸው አነሳሁ። አንዱን ስናነሳ የሚቀጥለው ወረደ፤ እሱን ስናነሳ ሌላው ወረደ። ሰባተኛው መስመር ላይ የመጨረሻውን እኔ አነሳሁ። እጄን ዘርግቼ ትንሽ ቆየሁ። ምንም አልመጣም። ጓንቴን አውልቄ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

አክባሪዎ፣
ከሸርተቴው ፊት ትሠራ የነበረችው