ስለ ቅዳሜው ስልክሽ

አስቱዬ፣ የቤቴ እመቤት፣

ከተለየሽኝ ሁለተኛው ፍልሰታ ገባ። ነፍስሽን በአብርሃም እቅፍ ያኑርልኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ይፈራል። እዚህ ሰፈራችን ሬኒየር ቢች ላይ የተሟገትሽለት የእግረኛ መንገድ አልቆ ሰው እየሄደበት ነው። በከተማው ምክር ቤት ወንበርሽ ላይ ሌላ ሰው ተመርጧል። ልጃችን ሩት «ኢትስ ኦኬ፣ አባ» ትለኛለች፤ እኔ ግን ስብሰባውን ማየት ትቻለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ትዝ ይልሻል? ቤት ከሆንሽ የመራጮችሽ ስልክ አያስወራሽም። ስለዚህ ኦቴሎ ሰፈር ካለው ሱቅ ፊት ለፊት ፓርክ አድርገን ቡታጅራ ለእናትሽ ትደውያለሽ፤ እዚያ ሊመሽ ሲል ነው። እኔ ቶሎ እወርዳለሁ። አማች ከአማቱ ጋር አፍ ለአፍ ገጥሞ አያወራም ተብለን ነው ያደግነው፤ «ሰላም በይልኝ» ብዬ በሩን እዘጋለሁ። ሽንኩርት መርጬ ስመለስ መሪውን ይዘሽ ስትስቂ አገኝሻለሁ። እማማ «ልጄ አሜሪካ ተሾመች» ብለው ሰፈሩን ስላዳረሱት፣ አንዱ ቪዛ፣ ሌላው የመሬት ክርክሩን ይዞ ደጃቸው ይመጣል። «እማዬ፣ ተመረጥኩ እንጂ አልተሾምኩም። እኔ የማየው መንገድና የአውቶቡስ ፌርማታ ነው» ብትያቸው፣ «መንገድ ከያዝሽማ የኛን ደጅ ጭቃ ምነው ዝም አልሽው!» አሉሽ። ድምፃቸውን እያስመሰልሽ ስትነግሪኝ ቤት እስክንደርስ ሳቅን።

ከመርዶው በኋላ ስልኩ ተቋረጠ። ቁጥራቸውን አወጣና መልሼ እተወዋለሁ። አክብሮት ነው እላለሁ ለራሴ። በጸሎት ቆሜ ልቤን ስመረምረው ግን ፍርሃት ነበር፤ ድምፃቸው ያንቺን ይመስላላ። ደግሞም አሰብኩት፤ እኔም ዝም ካልኩ ልጃቸው ሁለት ጊዜ ልትሞትባቸው ነው።

ባለፈው ቅዳሜ እዚያው መኪና ውስጥ ሆኜ ደወልኩ። ገና «እንደምን ዋሉ፣ እማማ» ከማለቴ፣ «የጠፋው አማቼ! እኔማ አንተም ሞተህ የደበቁኝ መስሎኝ ነበር» አሉኝ። ቀጥለው «የልጄን ወንበር ለማን ሰጡት?» አሉ። «ለሌላ ሰው» አልኳቸው።

«ይሁን፣ የሹመት ነገር እንዲያ ነው። ቅዳሜንስ ለማን ሰጡት?»

«እኔ እደውላለሁ፣ እማማ» አልኳቸው።

ከዚያ ያወሩኝን አንቺም አልነገርሽኝም። ልጅ ሳለሽ ቦኖ ውሃ ለመቅዳት ስትላኪ፣ ወረፋ ያለፈ ሰው ትልቅም ቢሆን ጄሪካኑን ወደ ኋላ ትመልሽበት ነበር አሉ። ውሃ ሻጩ «ዳኛዬ» ብሎ ይጠራሽ ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን አብሬሽ ኖሬ ይህን አላውቅም ነበር፣ አስቱ።

ክርስትና ስምሽን በጸሎቴ ሳልጠራ ውዬ አላድርም፤ ይህ ያለ ነው። ነገር ግን ቃሌ «አልረሳሽም» በማለት ብቻ አያበቃም። ለእናትሽ ዕድሜ ይስጣቸው እንጂ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእሳቸው እየሰማሁ እኔ አንቺን ገና አውቅሻለሁ።