የአጎትህን ኒሻን አልልክልህም

ሐሙስ፣ ሰኔ 12 ቀን

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፦

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ ደረጃ በወጣሁ ቁጥር ጉልበቴ ያኮርፈኛል እንጂ ሌላ የሚያመኝ የለም። ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላይ መመደብህን ጽፈህልኛል። አጎትህ በጦርነቱ ጊዜ የተሸለመውንም ኒሻን ላኪልኝ ብለሃል። ደብዳቤህ ሲደርስ አጎትህ ታሞ ተኝቶ ነበር። ደስ ይለዋል ብዬ አነበብኩለት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ቀለም ቀቢ ሆኖ መሰላል እንደማይወጣ ታውቃለህ። ክንዱ እስከደረሰበት ይቀባና የላዩን ለባልደረባው ይተውለት ነበር፤ ሰፈሩም "ግማሽ ቀቢ" ብሎ ስም አወጣለት። "በአውሮፕላን የበረረ ሰው መሰላል ፈራ!" እያልን ስንቴ ሳቅንበት። አብሮን ይስቅ ነበር። ለካ የሚፈራው መውደቁን አልነበረም፤ ከላይ ሆኖ ወደ ታች ማየቱን ነው።

"እህቴ፣ አንድ ቀን ዒላማችንን ደመና ሸፈነው" አለኝ። "ቦምብ ይዞ ማረፍ አደጋ ስለሆነ፣ እንዲህ ሲሆን በመንገዳችን ባዶ ሜዳ ላይ እንጥለው ነበር። የምጥለው እኔ ነኝ፤ አውሮፕላኑ አፍንጫ ላይ ባለው መስታወት በደረቴ ተኝቼ። ወሰኑን አልፈን የራሳችን አገር መግባታችንን ማናችንም አላወቅንም። ዝቅ ብለን ስንበር ደመናው ሳሳ አለ፤ ሜዳ አየሁ፣ ቁልፉን ተጫንኩት። ከዚያ ሁሉም ወለል ብሎ ታየኝ። ልብስ የሚያሰጡ ሴቶች ነበሩ። አንዷ የኛ አውሮፕላን መሆኑን ለይታ እጇን አወዛወዘችልኝ። ቦምቡ ገና አየር ላይ ነበር።"

"ለማንም አልተናገርክም?" አልኩት።

"ለአዛዡ ነገርኩት። 'የደበደበው ጠላት ነው፤ አፍህን ያዝ' አለኝ። ወዲያው ኒሻን ሰጡኝ። ለልጁ እንዳትሰጪው፣ አደራ።"

ብዙም ሳይቆይ አረፈ። ከቀብር እንደተመለስን ኒሻኑን መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ከተትኩት። ብትቀየመኝም ተቀየመኝ።

ልጄ፣ በቃኝ በልና ና። ፈሪ ቢሉህ ይበሉህ። "ፈሪ ወለደች" ብለው ቢያሙኝም ጉዳዬ አይደለም። ግን የአባትህ ግትርነት አለብህ፤ እንደማትሰማኝ ልቤ ያውቀዋል።

እንግዲህ አምላክ ከሚተኩሱብህ ሰዎች ይጠብቅህ። ሰዎቹንም ካንተ ይጠብቃቸው።

እናትህ