የልጅሽን ፀጉር የነቀለው እጅ

ይድረስ ለልጄ፣ ለሆዴ ፍሬ፤ እንደምን ከረምሽልኝ? ወገብሽን ተሻለሽ? ባልሽስ ደህና ነው? ትንሹስ ጥርስ አወጣ? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ ግማሹን ነው፤ ግማሹን ውጬው ከርሜ ዛሬ ልተፋው ነው።

በስልክ ስንተያይ ልጄ ጉንጬ ለምን ሻሽ ታስራለች ስትዪኝ፣ ብርድ ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ልጅሽ ከሁለቱም ጆሮዎቿ በላይ ፀጉሯ ረግፎ ራሷ የተላጠ ድንች መስሎ ነበር። የመታጠቢያውን ቀዳዳ የደፈነውን ፀጉር በጣቴ ጎትቼ ሳወጣው፣ የሞተ አይጥ የያዝኩ መስሎኝ ወረወርኩት።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ደግሞ፣ ምላሷ ከመርፌዋ የሚሾለው፣ ላሽ ነው፣ ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጠሽ በእንቁላል ለድፊበት አለችኝ። ለደፍኩበታ! በሦስተኛው ቀን ውሃ ቋጠረ፣ መገለ፣ ዝንብ አጀበን። ጠዋት ስትነሳ ትራሱ ተጣብቆ አብሯት ይነሳል። የሰባት ልጅ ሽንት ጨርቅ ያጠብኩት ሴትዮ አፍንጫዬን ያዝኩ፤ እሷም አየችኝ። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። ትምህርት ቤት ገማሽ ስላሏት አልሄድም ብላ ቀረች።

እንደዚያ ስትል የቆዳ ሐኪም ጋ ወሰድኳት። ሐኪሟ ለጋ ልጅ ናት፤ ይቺ ደግሞ ምን ታውቅና ብዬ ለንቦጬን ጣልኩ። እሷ እቴ፣ በማጉያ መነጽር ራሷን አንድ በአንድ አየች፣ ፀጉሯን ሳብ አድርጋ ፈተነች፣ ቅርፊቱን ፍቃ አስመረመረች። ላሽም ቆረቆርም አይደለም አለች። ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ እማማ፣ ሹሩባዋን ማነው የሚሠራት አለችኝ። እኔ ደረቴን ነፍቼ፣ እኔ ነኛ፣ የኔ እጅ የሠራው ሁለት ሳምንት ንቅንቅ አይልም አልኳት። እሱ ነው የነቀላት አትለኝም!

አሠራሬን ታውቂዋለሽ፤ በጉልበቴ መሀል አጣብቄ ዓይን እስኪወጠር ነው። ስታለቅስ፣ ቻል አርጊው፣ ሙሽራ ነው የምታክዪው እላታለሁ። ፀጉሯ ሲሳሳ ደግሞ እንዳያስታውቅ ብዬ ጭራሽ አጠብቀው ነበር። እጄን ተጸየፍኩት፣ ልጄ። ለልብስ ሰፊዋ ያጠራቀምኩት ስድብ ሁሉ ወደኔ ዞረ።

ሐኪሟ ግን አልተቆጣችኝም። ለቁስሉ የሚዋጥና የሚቀባ አዘዘች፣ ሽንኩርቱን አስጣለችኝ፣ ለወራት ምንም እንዳይጎነጎን አለች። በቀኝ በኩል ሥሩ አልሞተም፣ ይመለሳል፤ የግራውን ግን ቃል አልገባልዎትም አለችኝ።

ቁስሉ ደርቋል፤ ሰኞ ትምህርቷን ጀምራለች። በቀኙ ላባ የመሰለ ፀጉር ብቅ ብሏል፤ በግራው ገና ምንም የለም። ማበጠሪያ ይዤ ስጠጋት አንገቷን ትቀብራለች። ስለዚህ ራሷ ታበጥራለች፣ እኔ መስታወት እይዛለሁ። ይሄ ወረቀት ሲደርስሽ ደውዪ፤ ሻሿን አውልቃ ትቀርብልሻለች። ፊትሽን እንዳታጨማድጂባት። እኔ አንዴ አፍንጫዬን ይዣለሁ፣ ይበቃታል። መጮህ ካማረሽ እኔን ለብቻዬ ጥሪኝ።

ባልሽን ሰላም በዪልኝ፣ ጉልበቱን ይስጠው። ለአማትሽ እጅ እነሳለሁ፤ ይሄን ደብዳቤ ግን አታንብቢላት፣ ዓመቱን ሙሉ ትስቅብኛለች። ትንሹን አናቱን ሳሚልኝ፣ ቀስ ብለሽ።

እናትሽ
ከቤታችን፣ ከመስኮቱ ሥር
ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፪