ወፍጮው ሲቆም

ማሙሸት፣

ይሄን ስታነብ እኔ ጤና ጣቢያ ነኝ፣ ጓደኛህ ጴጥሮስ ጋ። መዶሻውን ይዤው ሄጃለሁ፤ ቢላዎቹንም። አትፈልግ።

አንተ ሮጠህ ከወጣህ በኋላ ጎረቤቶች ተሸክመው ወሰዱት፤ እኔ ደሙን ላጥብ ቀረሁ። ኮምፒውተሩ እንደበራ ነበር። ሁለቱን የሙቀት መለኪያ ካርዶች የሞከራችሁበት ጆግም ከነውሃው፣ ከነሽቦው እዚያው ነው። ውሃው አንድ፣ ካርዶቹ አንድ ዓይነት፤ ኮምፒውተሩ ላይ አንዱ ሃያ አንድ ይላል፣ ሌላው ሃያ ዘጠኝ። ያው አንተን ያሳበደህ ነገር።

ከዚያ ሐጂ ከድር ለጁምዓ ሰላት የታችኛውን የበርበሬ ወፍጮ አጠፉት። ቤቱ ጸጥ ሲል ዞር ብዬ ሳይ ሁለቱም ሃያ አንድ ላይ ናቸው!

ልጁ ምን ነበር ያለህ? «የአንዱ ሽቦ ከወፍጮው የኤሌክትሪክ መስመር ጋር ተጠግቶ ነው የሚያልፈው፤ ወፍጮው እስኪቆም ታገስ» አላለህም? አንተ ግን «አዲሱን ካርድ በአሮጌ ቀይረህብኛል፣ ሌባ!» ብለህ ግንባሩን በመዶሻው ፈለጥከው። ከወደቀም በኋላ ደገምከው። አጥንቱ ሲሰነጠቅ ሰምቻለሁ፣ ልጄ።

እኔን የገፈተርከኝን አላነሳም።

ሽሮው ድስቱ ውስጥ ነው፤ ሳትበላ እንዳትወጣ።

ወፍጮው ተመልሶ ሲነሳ የአንዱ ቁጥር ከፍ ሲል ራስህ እየው። ሽቦውን ግን እንዳትነካ፣ ኤሌክትሪክ እንዳይዝህ።

ጴጥሮስ ለተሸከሙት ሁሉ «ከደረጃ ወድቄ ነው» እያለ ነው የሄደው። እኔ እንዲህ ማለት አልችልም። ፖሊስ ከጠየቀኝ ያየሁትን ነው የምናገረው።
ከእኔ አፍ ከሚሰሙት አንተው መጥተህ ብትናገር ይሻላል።

አያትህ የሻሽወርቅ