የጀማሉ አውራ ዶሮ

ቡታጅራ፣ ኅዳር 14 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለወንድሜ ልጅ ለዓለምዘውድ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ደኅና ነን፤ ደኅና ያልሆነው በርበሬዬ ነው። የጎረቤቴ የበርበሬ ነጋዴው የጀማሉ አውራ ዶሮ አጥሩን እየዘለለ ሰሌን ላይ ያሰጣሁትን በርበሬ ይበትንብኛል። አቃጥሎት እንኳ አይሸሽም! ከበተነው ላይ ቆሞ ደግሞ እንደ ምክትል ወረዳ ገዥ ይጮኻል። አንቺ ጎንደር ተቀምጠሽ የሰው በሽታ ትማሪያለሽ፤ እስቲ ለዶሮ ጥጋብ መድኃኒት ካለ ጠይቂልኝ።

ከሳቅሽልኝ ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። እናትሽ መሰለች «ፈተና አለባት፤ እንዳትጽፍላት» ብላኛለች። እኔ መች ታዝዤ አውቃለሁ?

አባትሽ አዲስ አበባ ታክሞ መመለሱን ነግረንሻል። ያልነገርንሽ ከግራ እግሩ ሁለት ጣት ተቆርጦ መመለሱን ነው። ሐኪሙ «ወደ እግሩ ደም የሚያወርደው ሥር ጠቧል። እኛ የምንችለውን አድርገናል፤ የቀረው በእሱ ነው። ሲጋራውን ይተው፤ ይብላ፤ በየቀኑ ይራመድ። ሲራመድ ደሙ ሌላ መንገድ ያበጃል» አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ይዤው መጣሁ። ወንድሜን ጋሼ ሸዋንግዛውን መራመድ ማን ያስተምረዋል? የዚህን ገበያ ጠበኛ ሁሉ ሲያስታርቅ ዕድሜውን በእግሩ የፈጀ ሰው ነው።

አልተራመደም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። መሰለች ያቀረበችለትን ቆጮ ነካ አድርጎ ይመልሳል። «አመመህ?» ስለው «አይ» ይላል። «ምን ሆንክ ታዲያ?» ስለው «ምንም።» ስቀልድበት እንኳ አይሰድበኝም! እኔን ሳይሰድብ የዋለበት ቀን ነበር? ቁስሉን የሚያጥብለት ድሬሰር ሰማን ትናንት ወደ ደጅ ጠርቶኝ «ቁስሉ አልገጥም አለ። እንዲህ ከቀጠለ እግሩ ከጉልበት መቆረጡ ነው» አለኝ።

ግራ የገባኝ ይህ ነው፣ ልጄ። እግሩ ስላልዳነ ነው ያዘነው? ወይስ ስላዘነ ነው እግሩ ያልዳነው? መሰለች ጸበል አስረጨችው፤ ጀማሉ ዱዓ አስደረገለት። ድብርት ከልብ ተነሥቶ እስከ እግር ጣት ይወርዳል ወይ? ትምህርታችሁ ውስጥ ይህ አለ?

አንድ ነገር ግን አይቻለሁ። ከሐኪም ቤት ከመጣ ወዲህ ጠብ ይዞለት የመጣ ሰው የለም። ሁሉም አዝኖለት «አታድክሙት» ተባብሏል። ሊጠይቁት የሚመጡት ደግሞ በተርታ ተቀምጠው፣ አንገታቸውን ደፍተው ዝም! ለቅሶ ቤት ነው የሚመስለው፤ የጎደለው ሬሳው ብቻ ነው። እሱም ሊያሟላላቸው የተነሣ ይመስላል።

ስለዚህ ከጀማሉ ጋር መከርን። በዶሮው የተጣላን መስለን ልንካሰስ! አባትሽን ታውቂዋለሽ፤ ጠቡ የተነሣበትን ቦታ በእግሩ ሳይረግጥ ፈርዶ አያውቅም። መንገዱን ተሻግሮ እኔ አጥር ድረስ ከመጣ መራመዱ አይደል? ጀማሉ ዶሮውን ታቅፎ፣ እኔ የተበተነ በርበሬ በእፍኜ ይዤ ገባን። አባትሽ ዞር ብሎ እንኳ አላየንም።

«ሌላ ሽማግሌ ፈልጉ» አለ ለግድግዳው። «መዋሸትም አትችሉበትም።»

ስንወጣ አባትሽ እንዲሰማን ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። «አንተ በርበሬ ላይ ውሃ እየረጨህ ሚዛን የምታከብድ!» አልኩት ጀማሉን። በመንገዱ ላይ ገበያተኛ ነበር። የጀማሉ ፊት ተለወጠ።

«ካሳሁን፣ ይህንንም ተማክረንበታል?»

«ጨዋታ ነው እኮ፣ ሰውዬ!»

«ወላሂ፣ በእንጀራዬ ነው የተጫወትከው» ብሎ ዶሮውን ይዞ ሄደ።

ዛሬ ጠዋት ይቅርታ ልለው ሄድኩ። ደጁ ላይ አቁሞ ጮኸብኝ፤ እኔም አላስቻለኝም፣ ጮኽኩበት። ጠባችንን ሰፈሩ ሁሉ ሰማው። ወንድሜን ሳላስነሣ ወዳጄን አጣሁ ማለት ነው። ብልህ ነኝ ስል የኖርኩት ሰውዬ እንዲህ ነኝ።

አሁን ምን ላድርግ? ብትመጪ ይሻለው ይሆን? ወይስ «ልሞት ነው፤ ለዚህ ነው ያስጠሯት» ይል ይሆን? ነይ ልበልሽ ወይስ አትምጪ ልበልሽ፣ እስክሪብቶው እንኳ ግራ ገብቶታል። እየቀለድኩ እጽፍልሻለሁ እንጂ ፈርቻለሁ።

ያም ሆነ ይህ፣ ፈጣሪ በፈተናሽ ቀን አእምሮሽን ያብራልሽ፤ እጅሽ የነካው በሽተኛ ሁሉ ይዳን፤ እኔንም ደግ ወሬ ለመጻፍ ያብቃኝ። እናትሽ

ቆይኝ፣ በሩ ተንኳኳ። በእጅ አይደለም፣ በከዘራ ነው።

ዓለምዘውድ፣ አባትሽ ነው! አንድ እግሩ በጫማ፣ አንዱ በፋሻ፣ ግንባሩ በላብ ርሶ ደጄ ላይ ቆሟል። መሰለች ከኋላው የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛለች።

«የጠዋቱ እውነተኛ ጠብ ነበር» አለኝ። «ዶሮው በየት ነው የዘለለው? ሳልረግጥ አልፈርድም። ጀማሉ እየመጣ ነው፤ አስጠርቼዋለሁ። ምን ታፈጣለህ፣ አንተ ቅሌታም! ተነሥ!»

ሰደበኝ፣ ልጄ።

ፋሻው ላይ ደም አይቻለሁ። ደሙ እስከዚያ መድረሱ ደግ ይሁን ክፉ እኔ አላውቅም፤ አንቺ ቶሎ ጻፊልኝ። ልሂድ፣ አጥሩ ጋ ተጠርቻለሁ።

አጎትሽ ካሳሁን