ማንም የማይሞትባቸው ፊልሞች

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእትዬ ሱልጣና፤

ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ያ የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ? ጋሽ ግርማስ እንዴት ናቸው? ልጅሽ ምስጢርዬ መራመድ ጀመረች ብለሽ የጻፍሽልንን ደብዳቤ ወንድምሽ ፀጋዘአብ ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞራል፤ ለማያውቁት ሰዎች ሁሉ ያነብላቸዋል። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እሱ ናካሴሮ ካለው ቢሮው ደክሞት ይመጣል፣ ልጃችን ኤልዳናም ሁለተኛ ክፍል ገብታ እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ ትጠጣዋለች። እናታችን እማማ አለምዘውድም ጤናቸው ደህና ነው፤ ማቶኬው ብቻ አልዋጥላቸው ብሎ፣ ሙዝ ቀቅሎ መብላት ምን የሚሉት ነው እያሉ ሰባት ወር ሙሉ ሲያጉረመርሙ ከረሙ።

ደብዳቤዬ የዘገየው በስንፍና እንዳይመስልሽ። ወንድማችሁ አድማሱ ጦር ሜዳ መቅረቱን ሰምተሽ በጥር ከጻፍሽልን ወዲህ፣ ብዕር ባነሣሁ ቁጥር እጄ ይከብደኝ ነበር። እማማ አገራቸው ገብተው፣ ዘመድ ተሰብስቦ በወጉ መርዶ እስኪነገራቸው ድረስ አፋችሁን ያዙ ብለሽ ስታስጠነቅቂን፣ ፀጋዘአብ መታጠቢያ ቤት ገብቶ፣ ቧንቧ ከፍቶ ነው ለወንድሙ ያለቀሰው። አንቺም ወሬው እዚህ እንዳይደርስ ብለሽ ድንኳን ሳትጥዪ፣ ጥቁር ሳትለብሺ እንደተቀመጥሽ አውቃለሁ። ከእማማ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጬ የምውለው ግን እኔ ነኝ። ፊቴን አይተው እንዳይነቁብኝ ምን ልሁን? መላዬ ቪዲዮ ሆነ። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚያ ስለሆነ እስቲ ከሥሩ ላጫውትሽ።

እዚህ ካምፓላ ብዙው ሰው ፊልም የሚያየው ቪዲዮ ቤት ገብቶ ነው። ካባላጋላ የሚባል ሰፈር ምግብ ቤት ያላት ነጻነት የምትባል ጓደኛ አለችኝ፣ አንድ ቀን ከእሷ ጋር ገባሁልሽ። ቴሌቪዥኑ አጠገብ አንድ ሰውዬ ማይክ ይዞ ተቀምጧል። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ እሱ ከሥር ከሥር እየተቀበለ በአገሬው ቋንቋ በሉጋንዳ ያወርደዋል። መተርጎም ብቻ እንዳይመስልሽ! ሌባውን ይሰድባል፣ ሙሽራዋን ይመክራል፣ ሰዎቹ ዝም ሲሉ እሱ ከራሱ ይጨምራል። ቋንቋውን ሳልሰማ በሳቅ ፍርስ አልኩ። ወይ ችሎታ! ይኼንንማ በአማርኛ እኔም አያቅተኝም ብዬ፣ ነጻነት ካሴት እያዋሰችኝ፣ እማማን ሶፋ ላይ አስቀምጬ ሥራዬን ጀመርኩ።

የመጀመሪያው የህንድ ፊልም ነበር። ባቡር ጣቢያ ሻንጣ የሚሸከም አባት የጠፋ ልጁን ሦስት ሰዓት ሙሉ ይፈልጋል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ዘፈኑ በዝቷል፤ ሰውየው ልጁን ሊያገኘው አንድ እርምጃ ሲቀረው ቆሞ ይዘፍናል፣ በሽቄ ልሞት! ግን ሲያለቅስ አገጩ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ ብታዪ፣ እንዲህ ያለ ተዋናይ አይቼ አላውቅም። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ምነው ቶሎ ባገናኟቸው ሲሉ ቆይተው፣ የተገናኙ ጊዜ እልል አሉ። ጎረቤት ምን ተገኘ ብሎ መጣ።

ቀጥሎ የቻይና ድብድብ አየን። አንድ ጥርስ የሌላቸው ሽማግሌ ወጥ ሠሪ በጭልፋ ብቻ ሃያ ጎረምሳ መሬት ላይ ያነጥፋሉ። ታሪኩ ይኼ ነው የሚባል አይደለም፣ ድምፁና ከንፈሩም አይገጥምም። ቢሆንም ሰውየው አጥንት የላቸውም ወይ ያሰኛል፤ ሲዘሉ፣ ሲገለበጡ፣ ወጡ አንድ ጠብታ አይፈስም። እማማ አማትበው አማትበው፣ ይኼ ሽማግሌ ምን በልቶ ነው ብለው ጠየቁኝ። ማቶኬ ነው አልኳቸው። በማግስቱ ምሳ ላይ ሁለቴ አስጨመሩኝ፣ አልዋሽሽም!

ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ በቴሌቪዥን የሚመጣ የነርሶች ድራማ አለ። አምስተኛው ሳምንት ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነርሷን፣ በሽተኛውንና ሚስቱን ብቻ ይዘው ትንፋሽ አስቆረጡን፤ በትንሽ ነገር ትልቅ ሥራ ማለት እሱ ነው። የሰባተኛው ሳምንት ግን ሁሉንም ባሕር ዳርቻ ወስደው ዝም ብለው አስዋኟቸው፣ ለእሱ እንኳን ምስጋና የለኝም። መብራቱም ልክ ቁርጡ ሲመጣ ድርግም ይላል። ያኔ የቀረውን እኔ በጨለማ ከሆዴ አውጥቼ እጨርሰዋለሁ። ያንቺ መጨረሻ ከነሱ ይሻላል አሉኝ እማማ፣ እንዴት እንደኮራሁ!

ጣጣው ሰው ሲሞት ነው። ጥይት ሲጮህ እማማ ወደ እኔ ዞር ይላሉ፣ እኔም ሆዴ አይችልም። አንዱ ካውቦይ በፈረሱ ላይ ሳለ ተመትቶ ወደቀ፤ ደክሞት ነው፣ ተኝቶ ሲነሣ ወደ እናቱ አገር ይሄዳል አልኳቸው። መቃብር ሲቆፍሩለት፣ የውሃ ጉድጓድ ነው አልኩ። ኤልዳና ብድግ ብላ፣ እማዬ ሞተ እኮ ነው የሚሉት ብትል ዓይኔን አፈጠጥኩባት። እማማ ፈረሱን ብቻ አመሰገኑ፣ እውነትም የሚያምር ፈረስ ነበር። እንዲህ እንዲህ እያልኩ በኔ አማርኛ አምስት ወር ሙሉ አንድም ሰው አልሞተም።

ግንቦት 28፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ነጻነት የላከችልኝን አንድ ጥቁርና ነጭ ፊልም ምን እንደሆነ ሳላጣራ ከተትኩት። ካየኋቸው ሁሉ አንደኛ እሱ ነው። ወሬ አያበዛም። አንዲት ገበሬ እናት ደጃፏ ላይ ባቄላ እየፈለፈለች ዘማች ልጇን ትጠብቃለች። እህሉ ይደርሳል፣ ይታጨዳል፣ እሷ እዚያው ናት። ያቺ ተዋናይ አንድ ቃል ሳትተነፍስ በጣቶቿ ብቻ ነው ነገሯን የምትነግርሽ። ከዚያ ፖስተኛ በብስክሌት መጣ። እንደ ምንም፣ ፖስተኛው የምሥራች ይዞ ነው ብዬ ስጀምር፣ እማማ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉና፣ ተዪው የሺዬ፣ ዛሬስ እኔ ልተርጉምልሽ አሉኝ።

ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ ቀስ ብለው ያወርዱት ጀመር። ይቺ እናት አሉ፣ ልጇ መሞቱን ካወቀች ቆይታለች። አብሮት የነበረ ወታደር ነሐሴ ላይ ቤቷ ድረስ መጥቶ ነግሯታል። ሴት ልጇ ግን አራስ ነበረች፣ ለአራስ ደግሞ መርዶ አይነገርም። ወታደሩን ለማንም እንዳይናገር አስምላ ሸኘችው። ከዚያ ለወንዱ ልጇ በአካል ልትነግረው በአውሮፕላን ሰው አገር ሄደች። እየሳቀ እየሮጠ ሲቀበላት ጊዜ አቃታት። ዘመድ በሌለበት ማን ደግፎ ያስለቅሰዋል ብላ ዋጠችው አሉ። ፊልሙ ላይ አውሮፕላን የለም እኮ፣ እትዬ! አድማሱን ነው የሚነግሩኝ። እኛ አናውቅም ብለው፣ ፈርተውልን፣ መርዶውን ለእኔ ለልጃቸው ሚስት በፊልም አድርገው እየነገሩኝ ነው።

እግራቸው ላይ ወድቄ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ያንቺን ደብዳቤም፣ የፀጋዘአብን ቧንቧም። ጭንቅላቴን ይዘው፣ ምስኪን፣ ስንቱን ሬሳ አስነሣሽልኝ አሉኝ። ያን ጊዜ ነው እሪ ያሉት። ፀጋዘአብ ከግቢ ሮጦ ሲገባ፣ ና ልጄ፣ እኔም አውቃለሁ አንተም ታውቃለህ፣ ና አብረን እናልቅስ አሉት። እኔ እሳቸውን የምጠብቅ መስሎኝ ስንት ስደክም፣ ለካ እሳቸው ሁላችንንም ብቻቸውን ተሸክመው ኖረዋል። እንዲህ ያለ ሰው አላየሁም፣ በፊልምም በእውንም።

ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥን። የካባላጋላ አበሻ አንድ ሰው ሳይቀር መጣ። ነጻነት ምግብ ቤቷን ዘግታ ድስቷን ይዛ መጣች፤ የእሷም ወንድም በወዲያኛው ወገን ወድቋል፣ ከእማማ ጋር ተቃቅፈው ሁለቱንም በስም እየጠሩ አለቀሱ። የንቲንዳ ጎረቤቶቻችንም ማንም ሳይጠራቸው ምንጣፍ ይዘው ግቢያችን ውስጥ አብረውን ዋሉ። ዘመድ የለም ያልነው ለካ ዓይናችንን ሳንገልጥ ነው።

ለጋሽ ግርማ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ምስጢርዬን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ፀጋዘአብ ለብቻው ይጽፍልሻል፣ ኤልዳናም ለአክስቷ የሣለችውን ፈረስ አያይዛለች። እማማ አጠገቤ ተቀምጠው፣ እንዲህ ብለሽ ጻፊልኝ ስላሉኝ ቃላቸውን ሳልጨምር ሳልቀንስ አስፍሬዋለሁ፤ «ሱልጣናዬ፣ የደበቅሁሽ ጡትሽ እንዳይደርቅ ብዬ ነው። ልጅሽ በእግሯ ሄደች አሉኝ። እንግዲህ አልቅሺ።»

የወንድምሽ ሚስት የሺሀረግ
ካምፓላ፣ ንቲንዳ
ሰኔ 8 ቀን 1985 ዓ.ም.